ሰገነቱ ላይ ያልቆመችው ልዕልት

ለንደን፣ ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእቴቴ ሮማነወርቅ፣

ደብዳቤዎን ነፃነት ከአውሮፕላን በወረደች ማግሥት አደረሰችልኝ። የአየር መንገድ አስተናጋጅ ሆና ዓለምን እየዞረች የእኛ ፖስተኛ መሆኗ ያሳዝነኛል። እሷ ግን «እቴቴ ሮማንን እምቢ ማለት የሚችል ካለ እሱ ይምጣና ይሞክር» አለችኝ።

መጀመሪያ የጠየቁኝን ልመልስ። አይደለም፣ ቤተ መንግሥት አልተቀጠርኩም። ሀሚድ ሱቅ የሚወራው ስሕተት ነው። ንጉሡን በዓይኔ አይቼው አላውቅም፤ እሱም ስለ እኔ የሰማው ነገር ያለ አይመስለኝም። የተቀጠርኩት ለቴሌቪዥን ድራማ የሚጽፉ ሰባት ሰዎች ዘንድ ነው። ስምንተኛዋ እኔ ነኝ፤ ሥራዬም እስካሁን ሻይ ማፍላትና የታሪክ መጻሕፍት ማገላበጥ ነው። ድራማው ስለ እንግሊዝ ንጉሣዊ ቤተሰብ ነው፤ ግን ስለ እውነተኛው ሳይሆን ስለሌለው።

የሌለ ቤተሰብ እንዴት ይነግሣል ቢሉኝ፣ አሠራሩ እንዲህ ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የነበረ አንድ ንጉሥ ይመረጥና «አንዲት ተጨማሪ ሴት ልጅ ነበረችው እንበል» ይባላል። ልጅቱ በእውነት አልተወለደችም። እኛ ግን እንወልዳታለን፣ እንድራታለን፣ ልጅ እናሳቅፋታለን፤ እንዲህ እያልን ቁልቁል ወርደን ዛሬ ላይ እንደርሳለን። የቤቱን ስም ሃርትዌል ብለነዋል። ዛሬ የነገሠችው ንግሥት ማቲልዳ ናት፤ ታናሽ እህቷ ልዕልት ኦጋስታ ትባላለች። መስፍን የሌለው ከተማ ካርታ ላይ እንፈልግና መስፍን እንሾምለታለን። ዘውዱን የሠራው አንድ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት አያት ቅድመ አያቶችም የእኛው ሠራተኞች ናቸው፤ ሾፌራችን ጢም ተቀጥሎለት የንግሥቲቱ ምንጅላት ሆኗል፣ ከዚያ ወዲህ ሰው ሲጠራው ቶሎ አይመልስም።

ከሁሉም የሚያስቸግረን ጠበቃው ነው። የጻፍነውን እያንዳንዱን ገጽ ያነብና «ይህ በሕይወት ያለ ሰው ይመስላል» ካለ ይሰረዛል። አንዱ ልዑል ቁጡ ነበር፤ ተሰረዘ። አንዷ የመስፍን ሚስት ወሬ ታበዛ ነበር፤ ተሰረዘች። ውሻቸው እንኳ ተሰረዘ። አሁን የቀረን ቤተሰብ ጠዋት ጠዋት ፈገግ ብሎ ቁርስ የሚበላ ብቻ ነው። ዋና ጸሐፊው ተስፋ ቆርጦ «የማንንም ጠብ የማይመስል ጠብ እስከ ሰኞ ያመጣ ሰው ወንበር አለው» አለን።

እቴቴ፣ ስለዚህ ልጠይቅዎት። ማንም በማይጮህበት ትልቅ ቤት ውስጥ ሰው እንዴት ይጣላል? ቅር አይበልዎት፣ ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። እትዬ የማርያምወርቅስ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸው ተሻላቸው?

ፌበን

*

ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለፌበን፣

ከወገቤ፣ ከጆሮዬና ከመብራቱ መጥፋት በቀር ደህና ነኝ። ለምን በስልክ አናወራም እንዳትዪኝ፣ ጆሮዬ ስለደከመ ስልክ ላይ እጮሃለሁ፤ ስጮህ ደግሞ ከአጥሩ ወዲያ ይሰማል። ወረቀት አይጮህም።

ጎረቤቴ ደህና ናት። እህቴ ብዬ እንድጽፍልሽ ከሆነ የምትጠብቂው ይቆይሽ። አባታችን ግቢውን ለሁለታችን ሲያወርሰን መሃሉ ላይ ቆርቆሮ አልነበረበትም፤ ቆርቆሮው የመጣው ልጇን ማቲዎስን ከዳረች በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ እንዳልተነጋገርን አንቺም ታውቂያለሽ። ጉልበቷ ዳገቱ ላይ ያስቸግራታል። ይህንን ያየሁት በአጥሩ ቀዳዳ ስለሆነ ጠይቄያት እንዳይመስልሽ።

የሌለ ንጉሥ መጻፍ ኃጢአት ይሆን እንደሆነ የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። ትንሽ አሰቡና «ግብር ካላስከፈለ ግድ የለም» አሉ። ስለዚህ ሥራሽን ቀጥይ።

ትልቅ ቤት ውስጥ ሰው አይጮህም፤ ይህን በትክክል ገምተሻል። ጠቡ ያለው ማን ቀድሞ እጁን ታጠበ፣ ማን የት ተቀመጠ፣ ማንን ማን ረሳ በሚለው ላይ ነው። አንዲት የማውቃት ሴት አለች። የታላቅ እህቷ ልጅ ሲያገባ ሦስት ቀን ዓይኗ እንቅልፍ አላየም። የዶሮውን ወጥ በሰው እጅ አልሰጥም ብላ ሽንኩርቱን ከሾላ ገበያ ራሷ መርጣ ገዝታ፣ ራሷ ከትፋ፣ ራሷ አቁላልታ አደረሰች። በሠርጉ ዕለት ዘመድ ሁሉ ደረጃው ላይ ተሰልፎ ፎቶ ተነሣ። ሴትየዋ ከድንኳኑ ጀርባ ወጥ ቤት ነበረች። «እሷስ?» ያለ ሰው አልነበረም። ፎቶው ዛሬ በወርቅማ ፍሬም ሆኖ የታላቅየዋ ሳሎን ተሰቅሏል፤ ሠላሳ አንድ ሰው አለበት። ለስላሳ ሊያደርስ የመጣው ሀሚድ እንኳ ከነሳጥኑ ቆሟል። ሴትየዋ የለችበትም።

ሴትየዋ ከዚያ ቀን ጀምሮ «ፎቶው ላይ የቆሙት እነሱ ናቸው፤ ድግሱን ያቆምኩት ግን እኔ ነኝ» ትላለች። ታላቅየዋ መልስ ሰጥታ አታውቅም። ሰው ሲጠይቃት «እሷን ጠይቋት» ብቻ ነው የምትለው። ኩራት ማለት እንዲህ ነው። ሰባት ዓመት ሊሞላው ነው።

ይህን ለንግሥቶችሽ ይሆን እንደሆነ ውሰጂው። የእኔ ስም እንዳይነሣ፤ የአንዲት ሴት ታሪክ ነው።

አክስትሽ ሮማነወርቅ

*

ለንደን፣ ጥር 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእቴቴ ሮማነወርቅ፣

እግዜር ይስጥልኝ። ከጸሐፊዎቹ ጋር ወንበር አግኝቻለሁ። ሻዩን አሁን የሚያፈላው ሌላ ነው።

የአንዲቷን ሴት ታሪክ ሰኞ ጠዋት ለሁሉም አነበብኩላቸው። ሳነብ አንዱም ስልኩን አልነካም። ደረጃው የቤተ መንግሥት ሰገነት ሆነ፤ እዚህ አገር ንጉሣዊ ቤተሰብ በትልቅ ቀን ሰገነት ላይ ወጥቶ ለሕዝብ እጁን ያወዛውዛል። ንግሥት ማቲልዳ ልጇን ስትድር ድግሱን ያሰናዳችው ልዕልት ኦጋስታ ናት፤ ሰገነቱ ላይ ግን የለችም። ሀሚድንም አልተውነውም። የድንጋይ ከሰል የሚያመላልስ ሰው ሆኖ ከነባልዲው ከመሳፍንቱ መሃል ቆሟል።

ጠበቃው ሦስት ጊዜ አነበበው። ከእንግሊዝ መኳንንት መዝገብ ጋር ስም በስም አመሳከረው። በመጨረሻ መነጽሩን አውልቆ «ይህን ያህል በሕይወት ያለ ማንንም የማይመስል ቤተሰብ በሥራ ዘመኔ አላየሁም» አለና በደስታ ፈረመ። የማን ታሪክ እንደሆነ አልነገርኩትም። ዝምታዬ ትንሽ ከብዶኛል፣ አልደብቅዎትም።

አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል። ኦጋስታን የምትጫወተው ተዋናይት በዕድሜ የገፋች፣ ነገር የምታጠብቅ ሴት ናት። እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «ልዕልቲቱ ድግሱን ያሰናዳችው ራሷ ከሆነች ሰገነቱ ላይ የሚወጡበትን ሰዓት ታውቃለች። ቤቱም ቤቷ ነው። ታዲያ ለምን ጥሪ ጠበቀች? ለምን በእግሯ አልመጣችም?» እርስዎ ያቺን ሴት ስለሚያውቋት፣ እስኪ ይጠይቁልኝ።

ከነፃነት ጋር የንግሥት ማቲልዳ ፊት ያለበት ኩባያ ልኬያለሁ።

ፌበን

*

ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ፌበን፣

ሰላምታውን ዛሬ አሳጥሬዋለሁ፤ ተቆጥቻለሁ።

ድራማሽ መጥቷል፣ ያውም በአማርኛ። ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ በአንድ ሰዓት ይታያል። ነፃነትን «አዩት ወይ?» ብለሽ እንደጠየቅሻት ነግራኛለች፤ እንደሚመጣ ታውቂ ነበር ማለት ነው። እኔ የነገርኩሽ እዚያው ባሕር ማዶ የሚቀር መስሎኝ ነው።

ለኩባያው አመሰግናለሁ። ስለ ተዋናይቷ ጥያቄ በየደብዳቤሽ ታነሺብኛለሽ፤ ሁለት ዓመት ሆነሽ። አሁንም ጊዜ የለኝም።

ባለፈው ወር ልዕልቲቱ መስኮት ዳር ቆማ «ሰገነቱ ላይ የቆሙት እነሱ ናቸው፤ ድግሱን ያቆምኩት ግን እኔ ነኝ» አለች። ይህን ቃል ከእኔ አፍ ያልሰማ ሰው ከአቦ እስከ ጉራራ ሰፈራችን ውስጥ የለም። ወደ እንግሊዝኛ ሄዶ ሲመለስ ምንም አልጎደለበትም። በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ስሳለም ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ይንፈቀፈቁ ነበር። የእድራችን ጸሐፊ ስም ሲጠራ እኔ ጋ ሲደርስ ብድግ ብሎ እጅ ነሣኝ። ሀሚድ «ልዕልት፣ ዛሬ ምን ልስጥዎት?» ይለኛል። ለራሱም ቅሬታ አለው፤ «ሚኒስትር ብታደርገኝ ምን ነበረበት፣ ከሰል ታሸክመኛለች?» ብሎ እንድጽፍልሽ አደራ ብሏል።

ጎረቤቴም ታያለች። ቴሌቪዥኗን የምትከፍተው ለእኔ ጆሮ እንኳ እስኪሰማ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ደስ ብሏት ነበር፤ ሰዉ «ንግሥት» ሲላት አካሄዷን አስተካክላ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ለዶሮዎቿ ጥሬ ስትበትን «ኮፍያዋ ሰፍቷል፣ ንግሥት እንዲህ ያለ ኮፍያ አታደርግም» ብላ ጮክ ብላ ስትነግራቸው ሰማኋት። እኔም ለድመቴ «ፀሐይ ሲያቃጥላት ምን ታድርግ?» አልኳት። ጎረቤቴ አንድ እፍኝ ጥሬ ጨምራ በተነችና «ጥላ የሚይዝላት ሰው አላት» አለች፤ ለዶሮዎቹ። ዘጠኝ ዓመት ሊሞላን ሲል የመጀመሪያ ጭውውታችን ይህ ነው። ቀኑን ሙሉ ሥራ አልያዝልሽ አለኝ።

ከዚያ የሰገነቱ ክፍል መጣ። ልዕልቲቱ ያን ቃል ስትናገር የጎረቤቴ ቴሌቪዥን በመሃል ጠፋ። መብራት የሄደ መስሎኝ ነበር፤ የእኔ ይሠራል። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነ፣ ዶሮዎቹንም አታናግርም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም።

ልዕልቲቱን በተመለከተ፣ በሚቀጥለው ስትጽፊ ኩርፊያዋን ቀንሺላት። ሁልጊዜ መስኮት ዳር መቆም ለጤናም ጥሩ አይደለም።

አክስትሽ

*

ለንደን፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእቴቴ፣

ይቅርታ ያድርጉልኝ። ድራማው ለአዲስ አበባ እንደተሸጠ ከክረምቱ ጀምሮ አውቅ ነበር። ልነግርዎት ሦስት ደብዳቤ ጀምሬ ሦስቱንም ቀደድኩ። ቃልዎን እንዳለ መክተቴም ጥፋት ነው። ሌላ ቃል ሞክሬ ነበር፤ ሁሉም የተሰፋ ይመስል ነበር፣ የእርስዎ ብቻ ነው የሰው ቃል የመሰለኝ።

ስለ እትዬ የማርያምወርቅ የጻፉልኝ አስተኛኝ ካልኩ ዋሸሁ። ስለዚህ ጠበቃችን ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ሁለት እህትማማቾች እንዳሉ፣ አጥሩን፣ ፎቶውን፣ ሀሚድን ሁሉ ነገርኩት። ሰውየው ውኃ ጠየቀ። የእንግሊዝ መሳፍንትን መዝገብ አምስት መቶ ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ መርምሯል፤ ፈረንሳይ ለጋሲዮንን ግን እንዴት ብሎ ያስበው።

መፍትሔ ብሎ የሰጠኝ ከዚህ ጋር የላክሁትን ቅጽ ነው። ንግሥት ማቲልዳና ልዕልት ኦጋስታ እናንተን እንደማይመስሉ የሚያረጋግጥ ነው። ሁለታችሁም በአንድ ወረቀት ላይ፣ ጎን ለጎን፣ አንዳችሁ የሌላችሁን ፊርማ እያያችሁ መፈረም አለባችሁ። በተናጠል አይሆንም አለ፤ ለመንኩት፣ እምቢ አለ። ካልተፈረመ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ እህትማማቾቹ መውጣት አለባቸው። ማቲልዳን ዙፋን አስለቅቀው ገዳም ሊያስገቧት ነው፤ ኦጋስታ ከፈረስ ወድቃ ትሞታለች።

እቴቴ፣ ስለ እንጀራዬ አያስቡ፤ ሌላ ድራማ አይጠፋም። ያችን የተዋናይቷን ጥያቄ ግን አሁን ለራሴ ነው የምጠይቅዎት። ለምን አልመጡም?

ፌበን

*

ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ የካቲት 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለፌበን፣

ቅጹ ደርሶኛል። ልዕልቲቱ በእነዚህ ሁሉ ወራት አንድ ቀን እንኳ ፈረስ ላይ ወጥታ አላየኋትም፤ ከየት ብላ ነው የምትወድቀው?

አልፈርምም። ጾም ገብቷል፤ «አይመስሉንም» ብዬ በጾም መዋሸት አልችልም። ልዕልቲቱ እኔን ትመስላለች። አንገቷ ብቻ ነው የሚበልጠኝ።

አሁን ከመስከረም ጀምሮ የደበቅሁሽን ልንገርሽ። እህቴ ልትሄድ ነው። ማቲዎስ መሪ ሰፈር ካለው ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ተከራይቶላታል፣ ጉልበቷ ይህን ዳገት አልቻለም። የዳግማይ ትንሣኤ ማግሥት ሰኞ ዕቃዋ ይጫናል። ወሬውን የሰማሁት ከሀሚድ ነው። ያልጻፍኩልሽ፣ ካልጻፍኩት የሚቀር መስሎኝ ነው። ሞኝነት ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያስደሰተኝ ነገር ቢኖር ከአጥሩ ወዲያ መኖሯ ነበር፤ አኩርፌያትም ቢሆን እዚያው አለች። የሌለችን ሰው እንዴት ብዬ አኮርፋለሁ?

ጥያቄሽን እመልሳለሁ። ይህን ስታነቢ ብቻሽን ሁኚ።

ለሠርጉ ብላ እህቴ ሁለት የሐበሻ ቀሚስ ከሽሮ ሜዳ አሠርታ ነበር፤ ጥለታቸው አንድ ዓይነት፣ አንዱ ለእሷ አንዱ ለእኔ። የሙሽራው እናትና አክስት ተመሳስለው ይቆማሉ ብላ ነው። ጠዋት ስታለብሰኝ «ሮማን፣ አደራሽን፣ ዛሬ እንኳ ወጥ ቤት አትግቢ» አለችኝ። እሺ አልኳት። ከዚያ ጨውን ብቻ ልቅመስ ብዬ ገባሁ።

ጭልፋ ሙሉ ወጥ ከደረቴ እስከ ቀሚሱ ጫፍ ወረደ። ነጭ ቀሚስ ላይ የበርበሬ ወጥ ምን እንደሚያደርግ አታውቂም፣ አንቺ ሱሪ ነው የምትለብሺው። ፎቶ ሲሰለፉ ድንኳኑ ጀርባ ከሽንኩርት ጆንያው ኋላ ተደብቄ ነበር። «አልጠሩኝም» ያልኩት እውነት ነው፣ አልጠሩኝም። እኔ ግን እንዳይጠሩኝ እየጸለይኩ ነበር።

ከዚያ ሰው ሁሉ «ምነው ፎቶው ላይ የለሽም?» አለኝ። አትግቢ ተብዬ ገባሁ ከምል «አልጠሩኝም» ማለት ቀለለኝ። አንድ ጊዜ ካልኩት በኋላ ደግሞ ቃሉ ጣፈጠኝ። ዞሮ እህቴ ጆሮ ደረሰ፤ ምንም አላለችም። ስታልፍ ዓይኗን መለሰች፣ እኔም መለስኩ። አጥሩን ማን እንዳስቆመው አትጠይቂኝ።

አሁን የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ኦጋስታ ቀሚስ ላይ ወጥ አስደፊባት። ወጥ ከሌላቸው ሾርባም ይሆናል። እህቴ በቴሌቪዥን ታየዋለች፤ ብልህ ናት፣ ይገባታል። እኔ ምንም ሳልናገር ነገሩ ያልቃል።

አክስትሽ

*

ለንደን፣ መጋቢት 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእቴቴ ሮማነወርቅ፣

ብቻዬን ሆኜ ነው ያነበብኩት። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ ሳቅሁ፣ አንዴ አለቀስኩ።

የቀሚሱን ነገር ለጸሐፊዎቹ አቀረብኩላቸው፤ የማን እንደሆነ አልነገርኩም። ዋና ጸሐፊው «ልዕልት አርባ ቀሚስና ሦስት ደንገጡር አላት፤ ቀይራ ትወጣለች» አለ። ተዋናይቷ ግን ተነሥታ «በመጨረሻ ገባኝ» አለችና ተቀመጠች። ተከራክረን አሸነፍን፤ ይጻፋል።

ግን እቴቴ፣ ዛሬ የተጻፈ እዚህ የሚታየው በዓመቱ ነው። ተተርጉሞ እናንተ ጋ እስኪደርስ ሌላ ዓመት። እትዬ የማርያምወርቅ የሚሄዱት በአርባ ቀን ነው። ቴሌቪዥኑ አይደርስም።

ጠበቃውን ለምኜ ቅጹን አስቀይሬያለሁ። አዲሱ «አይመስሉንም» አይልም፤ «ቢመስሉንም ፈቅደናል» ነው የሚለው፤ በጾምም ይፈረማል። የሁለታችሁ ስም ጎን ለጎን ነው። እኔ እርስዎን ይሂዱ ብዬ የማዝዝ ልጅ አይደለሁም። ግን ይሂዱ።

ፌበን

*

ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ግንቦት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለፌበን፣

ቅጹ ተፈርሞ በነፃነት እጅ ይደርስሻል። ዳር ላይ የተጻፉትን ሁለት ማሳሰቢያዎች ለጠበቃው አሳዪው። የንግሥቲቱ ኮፍያ ይጥበብ፤ ልዕልቲቱ ፈረስ አትወጣም።

እንዴት ሆነ ብለሽ በስልክ ነፃነትን ማስጨነቅሽን ሰምቻለሁ። የሆሣዕና ማግሥት ሄድኩ። በአጥሩ ቀዳዳ ብጠራት ይቀል ነበር፤ ነገር ግን በቀዳዳ ይቅርታ አይጠየቅም ብዬ በመንገዱ ዞሬ በዋናው በር አንኳኳሁ። ራሷ ከፈተች። እኔ «ወረቀት ይዤ ነው የመጣሁት» አልኳት። እሷ «መነጽሬን ላምጣ» አለችኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስንገናኝ ምን እላታለሁ እያልኩ ሳጠና የኖርኩት ሁሉ ይህን አይመስልም ነበር።

ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ብዕሩን አልያዘችም። ፎቶው ከራሷ በላይ ተሰቅሏል፤ ሀሚድ ከነሳጥኑ ያየኛል። እዚያው እንደቆምኩ ስለ ቀሚሱ ነገርኳት። ጆሮዬ ስለማይሰማ እንደጮህኩ አላወቅሁም፤ ለካ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

እህቴ «አውቃለሁ» አለች።

ምን እንዳለች እንድትደግመው አደረግኋት። «አውቃለሁ፣ ከጆንያው ኋላ አይቼሻለሁ» አለችኝ። «ፎቶ አንሺውን ቶሎ በል፣ ቶሎ በል ብዬ ያጣደፍኩት ለዚህ ነው። ሮማንስ የት አለች ብሎ የሚፈልግሽ እንዳይመጣ። ቦታሽ ባዶ ሆኖ እንዳይታይ ብዬ ሀሚድን በክንዱ ጎትቼ ያቆምኩትም እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ዘጠኝ ዓመት ለምን አልተናገርሽም?» አልኳት።

«ምን ብዬ?» አለች። «ሰው ሲጠይቀኝ ቀሚሷ ላይ ወጥ ደፍታ ነበር ብዬ ላውራብሽ?»

ፌበን፣ እኔ በየቤቱ ስሟን ሳነሣ ኖሬ፣ እሷ የእኔን ቀሚስ ስትሸፍን ኖረች። እዚያው ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እሷ ግን አላለቀሰችም፤ «ጨውስ ልክ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ልክ እንደነበር ነገርኳት። ከዚያ ፈረምን።

እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ማግሥት ሁለት ሳምንት ነበረን። በሁለት ሳምንት የዘጠኝ ዓመት ወሬ አያልቅም። የሞቱትን ሰዎች እንኳ ተራ በተራ አንሥተን አልጨረስናቸውም። አንዷ የምታውቀውን ሌላዋ አታውቅም፤ በአንድ ግቢ ኖረን። ሰኞ ዕለት ማቲዎስ ዕቃዋን ጫነ። ዶሮዎቿን ለእኔ ተወችልኝ። ቆርቆሮውን አስነቅላለሁ ብዬ ነበር፤ አሁን ከወዲያ ማንም የለም፣ ምን አስቸኮለኝ።

ማክሰኞ ማክሰኞ ሁለት ታክሲ ይዤ መሪ እሄዳለሁ። አብረን እናያለን። እሷ ስለ ኮፍያው ታወራለች፤ ግማሹ አይሰማኝም፣ ግን እሺ እላታለሁ። ባለፈው ሳምንት ስመለስ ሾላ ላይ ታክሲ ስጠብቅ ሰባ ዓመት ሊሞላኝ መሆኑ ትዝ አለኝ፣ እሷ ደግሞ በአራት ዓመት ትበልጠኛለች።

ዋና ጸሐፊው እርቁን እስከ አምስተኛው ምዕራፍ ሊያቆየው እንደሚፈልግ ጽፈሽልኛል፤ ሰው የሚያየው ጠቡን ነው አለ ብለሽኛል። ልክ ሳይሆን አይቀርም፣ እኛም ያየነው ጠቡን ነው። አንቺ ግን እንዲህ ብለሽ ንገሪው። አያቆየው። በሚቀጥለው ክፍል ኦጋስታ በዋናው በር ትግባና ትናገር፤ ንግሥቲቱም አውቃለሁ ትበላት። እኛ በሕይወት ያለን ሰዎች ስለሆንን ዘጠኝ ዓመት ፈጀብን። እነሱ የሉም፤ ምን ያግዳቸዋል?

አክስትሽ ሮማነወርቅ